ቀለሙ ሲጠፋ ውሃው ጸዳ ማለት ነው? ሸክላ ለኮምቦልቻ ፍሳሽ ምን ሊሠራ ይችላል

ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለበት ከተማ ስለ ወንዝ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ቀለሙ ነው። «ዛሬ ሰማያዊ ነው፣ ትናንት ቀይ ነበር» ይባላል። ዓይን የሚያየው እሱን ነውና አይፈረድም። ብዙ የጨርቅ ማቅለሚያዎች በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በታች ሆነው እንኳ ይታያሉ። ስለዚህ ቀለም ሲታይ መደንገጥ ተገቢ ነው። ቀለም ሲጠፋ መረጋጋት ግን ተገቢ አይደለም። የዚህ ጽሑፍ ነገር እዚህ ላይ ነው።

በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎችም ሆነ በውጭ በሸክላ አፈር ውሃ የማጽዳት ምርምር በዝቷል። አፈሩ ርካሽ ነው፣ በቅርብ ይገኛል፣ ቀለሙን ቶሎ ያጠፋል ሲባል ልብ ይሞላል። እኔም ነገሩ ተስፋ አለው ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በላብራቶሪ ብልቃጥ ውስጥ ያለን ቀለም ማጥፋት አንድ ሥራ ነው፤ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚገባን ፍሳሽ ማጽዳት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ሳንለካ ከተጣደፍን ገንዘቡም ይባክናል፣ ወንዙም እንደነበረ ይቀራል።

ለምን ኮምቦልቻ? ከተማዋ የወሎ ኢንዱስትሪ ማዕከል ስለሆነች ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዋ ከደርግ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው። ቆዳ ፋብሪካ፣ ቢራ ፋብሪካ፣ የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቋል። የከተማዋ ትንንሽ ወንዞች ቦርከና ይገባሉ። ቦርከና ከደሴ በኩል መጥቶ ኮምቦልቻን አልፎ በሐርቡና በከሚሴ አቅጣጫ ወደ ጨፋ ይወርዳል። ጨፋ ደግሞ በበጋ ሣርና ውሃ ሲጠፋ የአፋሩም፣ የኦሮሞውም፣ የአርጎባውም ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ነው። ገበሬውም ከወንዙ መስኖ ይጠልፋል። ፋብሪካው የለቀቀው ነገር ሰው በማያውቀው በረሃ አይፈስም ማለት ነው። ማሳ ላይ ይወጣል፣ ከብት ይጠጣዋል።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ጊዜ ሲነሳ አልሰማም። ቦርከና የአዋሽ ተፋሰስ አካል ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። ጉዞውን የሚጨርሰው በአፋር፣ በጅቡቲ ድንበር ባሉ ሐይቆች ነው። የአባይ ውሃ የያዘውን ይዞ ሜዲትራኒያን ይገባል። የአዋሽ ግን መውጫ የለውም። በቀላሉ የማይበሰብስ ኬሚካል፣ ጨውና ከባድ ብረት የሚቀረው እዚያው ተፋሰሱ ውስጥ ነው፤ በደለሉ፣ በአፈሩ፣ በሐይቁ።

እንግዲህ ወደ ሸክላው እንምጣ።

በወሎ ሜዳዎች ያለውን ጥቁር አፈር፣ ዋልካውን፣ ያረሰ ሰው የነገሩን መሠረት ያውቀዋል። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል፣ ማረሻ ላይ ይለጠፋል። በጋ ሲሆን ጎልማሳ እጁን የሚያስገባበት ስንጥቅ ያወጣል። አገራችን እንዲህ ዓይነት አፈር ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ አላት። እብጠቱንና ስንጥቁን የሚያመጣው ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን ነው። የዚህ ቤተሰብ ዋናው አባል ሞንትሞሪሎናይት ይባላል። በገበያ ቤንቶናይት ተብሎ የሚሸጠው አፈር በአብዛኛው እሱ ነው።

ይህ ማዕድን በጣም ስስ ከሆኑ ንብርብሮች የተሠራ ነው። የአንዱ ንብርብር ውፍረት 1 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ነው። በንብርብሩ ውስጥ ሲሊከን መቀመጥ በነበረበት አንዳንድ ቦታ አሉሚኒየም ይገባል፤ አሉሚኒየም በነበረበት ደግሞ ማግኒዚየም ይገባል። በዚህ የተነሳ ንብርብሩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል። ያንን ለማመጣጠን ሶዲየም፣ ካልሲየምና የመሳሰሉት በንብርብሮቹ መሃል ይገባሉ። እነዚህ በጠንካራው አልታሰሩም። ሌላ ፖዘቲቭ ነገር ሲመጣ ቦታቸውን ይለቃሉ። ውሃም በመሃላቸው ገብቶ ንብርብሮቹን ያራርቃል፤ ዋልካው የሚያብጠው ለዚህ ነው። ንብርብሮቹ ሁሉ ቢነጣጠሉና ቢዘረጉ አንድ ግራም ሞንትሞሪሎናይት ከ700 ካሬ ሜትር በላይ ገጽ አለው።

ሁሉም ሸክላ አንድ አይደለም። ሴራሚክ የሚሠራበት ነጩ ካኦሊን የዚህን ያህል አያብጥም፣ የዚህን ያህልም አይለዋወጥም። በኬሚስቶች መለኪያ የመለዋወጥ አቅሙ በ100 ግራም ከ3 እስከ 15 ሚሊኢኩቫለንት ነው። የሞንትሞሪሎናይት ከ80 እስከ 120 ይደርሳል። የተተኮሰ ሸክላም፣ ጀበናውም ጋኑም፣ ሌላ ነገር ነው። በእሳት ውስጥ የማዕድኑ አወቃቀር ስለሚለወጥ እብጠቱም መለዋወጡም ይሞታል። «አፈር አፈር ነው» ብሎ መጀመር አያዋጣም።

ጥሬው ሸክላ ራሱ ቀለም ይመጥጣል። ብዙ ምርምርም እዚህ ላይ ቆሟል። ችግሩ መምጠጥ በካዩን አያጠፋውም፤ ከውሃው ወደ አፈሩ ያዛውረዋል እንጂ። ቤት ጠርጎ ጥራጊውን አልጋ ሥር እንደመግፋት ነው። ሸክላው ሲጠግብ የተበከለ ጭቃ ይቀራል፣ እሱም መጣያ ይፈልጋል። ዝናብ ካገኘው የያዘውን መልሶ ሊለቅ ይችላል።

የተሻሻለው ሸክላ ከዚህ የሚለየው ካታሊስት ስለሆነ ነው። ካታሊስት ማለት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ነገር ነው። ሐሳቡ በካዩን መያዝ ብቻ ሳይሆን መሰባበር ነው። ሸክላን ለካታሊስትነት መጠቀም ደግሞ አዲስ አይደለም። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው ኢንጂነር ኢዩጂን ሁድሪ በአሲድ የታጠበ ሸክላ ተጠቅሞ ከባድ የነዳጅ ዘይትን ወደ ቤንዚን የሚሰብር ዘዴ በአሜሪካ ለኢንዱስትሪ አብቅቷል። ከ1970ዎቹ የነዳጅ ቀውስ በኋላ ደግሞ ተመራማሪዎች የሸክላውን ንብርብሮች አራርቀው የሚይዙ የብረታ ብረት ኦክሳይድ ምሰሶዎች መትከል ጀመሩ። ባለምሰሶ ሸክላ የሚባለው ይህ ነው። ለነዳጅ ብዙም አልዘለቀም። ለውሃ ግን ትኩረት አገኘ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000 አካባቢ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የአሉሚኒየምና የብረት ምሰሶ ያለው ሸክላ በክፍል ሙቀት ፌኖል የሚባለውን መርዛማ የኢንዱስትሪ ኬሚካል መሰባበር እንደሚችል አሳዩ።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ሸክላው ይፈጫል፣ ውሃ ውስጥ ይበጠበጣል፣ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ደቃቁ ይወሰዳል። ከዚያ የአሉሚኒየምና የብረት ጨው ከኮስቲክ ሶዳ ጋር በጥንቃቄ ተደባልቆ ይጨመርበታል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ ትልልቅ ፖዘቲቭ ስብስቦች ይፈጠራሉ። የታወቀው በውስጡ 13 የአሉሚኒየም አተሞች አሉት። እነዚህ ስብስቦች ሶዲየሙን ገፍተው በንብርብሮቹ መሃል ይቀመጣሉ። ሸክላው ታጥቦ ደርቆ ከ400 እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጋገር ስብስቦቹ ጽኑ ምሰሶ ይሆናሉ። ከአንዱ ንብርብር መነሻ እስከ ቀጣዩ መነሻ ያለው ርቀት 1.8 ናኖሜትር ገደማ ይደርሳል። የንብርብሩ ውፍረት ሲቀነስ ለሞለኪውል የሚቀረው ክፍተት ከ1 ናኖሜትር ያንሳል። ይህችን ቁጥር አንባቢ ይያዝልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

ሥራውን የሚሠራው ብረቱ ነው። መሠረቱ የድሮ ኬሚስትሪ ነው። በ1894 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሄንሪ ፌንተን ብረትና ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ሲገናኙ ኦርጋኒክ፣ ማለትም ካርቦን ያዘል፣ ነገሮችን በኃይል እንደሚያቃጥሉ ጻፈ። ብረቱ ፐሮክሳይዱን ሲሰብረው ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል እጅግ ቁጡ ቅንጣት ይወጣል። የማቃጠል ኃይሉ 2.8 ቮልት ነው፤ ውሃ የምናክምበት ክሎሪን 1.36 ብቻ ነው። ዕድሜው ከማይክሮ ሰከንድ አይበልጥም። በዚያች ቅጽበት ያገኘውን ኦርጋኒክ ሞለኪውል ሁሉ ይነክሳል። ነገሩ እስከ መጨረሻው ከሄደ የሚቀረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ጥቂት ጨው ነው።

የፌንተን ዘዴ ያለ ሸክላም በብዙ አገር ይሠራበታል። ሁለት ጣጣ አለው። ውሃው በደንብ አሲዳማ መሆን አለበት፤ የአሲድነት መለኪያው ፒኤች 3 አካባቢ። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የሟሟው ብረት የዝገት መልክ ያለው ብዙ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል። ብረቱ ሸክላው ላይ ከታሰረ ግን ዝቃጩ ይቀንሳል፣ ያው ሸክላ ደጋግሞ ይሠራል፣ የአሲዱም ግዴታ ላላ ይላል። የዚህ ሁሉ ምርምር ማራኪነት እዚህ ላይ ነው፤ እውነተኛ ጥቅምም ነው።

ታዲያ የት ላይ ነው የሚሳተው? እኔ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ምርምሩ የሚመርጠው ቀለም ነው። ስለ ሸክላ የተጻፉ ወረቀቶችን የሚያገላብጥ ሰው ሜቲሊን ብሉ የሚባል ቀለም ደጋግሞ ያገኛል። ርካሽ ነው፣ ለመለካት ይቀላል። ግን ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ሸክላው ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ገና ሲገናኙ ይሳሳባሉ፣ ውሃው ወዲያው ይጠራል። ጥጥ የሚቀለምበት ሪአክቲቭ ቀለም ግን ኔጌቲቭ ነው። ጥሬ ሸክላ እሱን ይገፋዋል። በሜቲሊን ብሉ 98 ከመቶ ያጠፋ ሸክላ በኮምቦልቻ የጥጥ ማቅለሚያ ፊት ባዶ እጁን ሊቆም ይችላል። ምሰሶ መትከል ይህን ያሻሽለዋል፣ ምሰሶዎቹ ኔጌቲቩን ያረግቡታልና። ቢሆንም መለካት ያለበት በራሱ በሪአክቲቭ ቀለሙ ነው።

ያቺ ቁጥር እዚህ ትመጣለች። በንብርብሮቹ መሃል ያለው ክፍተት ከ1 ናኖሜትር ያንሳል ብያለሁ። ፌኖል ትንሽ ሞለኪውል ነው፣ ሰተት ብሎ ይገባል። ሪአክቲቭ ቀለሞች ግን ትልልቅ ናቸው፤ ብዙዎቹ ከክፍተቱ ይበልጣሉ። ሥራው የሚከናወነው በሸክላው ውጫዊ ገጽ ላይ ይሆናል። በወረቀት ላይ የምናደንቀው ያ ሁሉ የውስጥ ስፋት ለእነሱ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ለጨርቃ ጨርቅ የሚሆነው ሸክላ ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው፣ ለምሳሌ በአሲድ ተቦርቡሮ ብረት የተለጠፈበት፣ ሊሆን ይችላል። በፌኖል የተመሰገነው ሁሉ እዚህ አይመሰገንም።

ቀጥሎ የቀለም መጥፋት ጉዳይ ይመጣል። አብዛኛው የጨርቅ ማቅለሚያ አዞ ከሚባለው ቤተሰብ ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሁለት ናይትሮጅን አተሞች የተያያዙበት ቦታ ነው። ያ ቦታ ከተበጠሰ ቀለሙ ይጠፋል። የቀረው ሞለኪውል ግን ውሃው ውስጥ አለ። አየር በሌለበት ኩሬ ባክቴሪያ አዞ ቀለምን ሲበጥስ አሮማቲክ አሚን የሚባሉ ቁርጥራጮች ይቀራሉ። ከእነሱ ውስጥ ካንሰር እንደሚያስከትሉ የታወቁ አሉ። ውሃው ጥርት ብሎ ይታያል፣ አደጋው ግን ውስጡ ነው። በሃይድሮክሲል ራዲካልም ቢሆን ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ከቆመ ቁርጥራጮች ይቀራሉ። እስከ መጨረሻ ሲጠጋ ደግሞ እንደ ኦክሳሊክ አሲድ ያሉ ትንንሽ አሲዶች ግትር ሆነው ይቆያሉ። ኦክሳሊክ አሲድ ከሸክላው ላይ ብረቱን አጥቦ የማውጣት ባሕርይም አለው።

ስለዚህ «ቀለሙን 95 ከመቶ አጠፋን» የሚል ሪፖርት ሲቀርብልን ቀጣዩ ጥያቄ «ጠቅላላ የኦርጋኒክ ካርቦኑስ ስንት ቀነሰ?» መሆን አለበት። በውሃው ውስጥ ያለው ካርቦን ከሞላ ጎደል እንዳለ ከሆነ በካዩ መልኩን ቀይሮ ተቀምጧል ማለት ነው። በአገራችን በብዛት የሚለካው ሲኦዲ ነው፤ ኦርጋኒኩን ለማቃጠል የሚያስፈልገው የኦክስጅን መጠን ማለት ነው። እሱም ጥሩ ነው፣ ግን በዚህ ዘዴ ላይ አንድ ወጥመድ አለው። ውሃው ውስጥ ፐሮክሳይድ ከተረፈ የሲኦዲ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የተረፈውን ሳያጠፉ መለካት ውጤቱን ያበላሻል። ፐሮክሳይድ የተረፈበትን ውሃ ወደ ወንዝ መልቀቅም ዓሣውንም ደቃቁን የውሃ ሕይወትም ይጎዳል።

ሌላ ፈተና አለ፤ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሥራው ተጀምሮ መሃል ላይ ሳለ ሸክላውን አጣርቶ ማውጣት ነው። ሸክላው ከወጣ በኋላ ቀለሙ በዚያው ፍጥነት መጥፋቱን ከቀጠለ፣ ሥራውን የሚሠራው ከሸክላው ታጥቦ የሟሟው ብረት ነው። ያ ከሆነ ያለን የተለመደው ፌንተን ነው፤ ሸክላውም በየዙሩ ብረቱን እያጣ ይደክማል።

የፋብሪካ ፍሳሽ የላብራቶሪ ውሃ አለመሆኑን ደግሞ ፋብሪካ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ጥጥ በሪአክቲቭ ቀለም ሲቀለም በአንድ ሊትር ገንዳ ውሃ ውስጥ ከ40 እስከ 80 ግራም ጨው መጨመር የተለመደ ነው። ሶዳ አሽም ይገባል፣ ስለዚህ የማቅለሚያው ውሃ ፒኤች ከ10 በላይ ይወጣል፤ የአሲድ ተቃራኒ፣ አልካላይ፣ ይሆናል ማለት ነው። በዚህ ላይ ስታርች አለ፣ ሳሙና መሰል ኬሚካል አለ። ሃይድሮክሲል ራዲካል ምርጫ አያውቅም። ስታርቹንም ይነክሳል፣ ክሎራይዱንም ይነክሳል፣ ካርቦኔቱንም ይነክሳል። የገዛነው ፐሮክሳይድ ማቅለሚያው ጋር ሳይደርስ ያልቃል። በተጣራ ውሃ ላይ አንድ ቀለም ብቻ በጥብጦ የተገኘ ውጤት ስለዚህ ሁሉ የሚነግረን ትንሽ ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። የብዙ ሰው ተስፋ የሚፈተነው እዚህ ነው። በኬሚስትሪ ስሌት 1 ኪሎ ሲኦዲ ሙሉ ለሙሉ ለማቃጠል 2.1 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይፈልጋል። በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ የሚያወጣ ፋብሪካ እናስብ። ፍሳሹ በሊትር 1,000 ሚሊግራም ሲኦዲ አለው እንበል። በቀን 500 ኪሎ ሲኦዲ ማለት ነው። ለዚያ ከ1 ቶን በላይ ንጹሕ ፐሮክሳይድ ያስፈልጋል። ፐሮክሳይድ በገበያ ብዙ ጊዜ 50 ከመቶ ሆኖ ስለሚመጣ በቀን ከ2 ቶን በላይ፣ በወር ከ60 ቶን በላይ ይሆናል። ይህን የሚችል ፋብሪካ ያለ አይመስለኝም። አፈሩ ነጻ ቢሆን እንኳ ዋጋው ያለው ፐሮክሳይዱ ላይ ነው። «ርካሽ ካታሊስት» የሚለው ወሬ ይህን ይሸፍናል።

እንዲህ ቢሆንስ? መጀመሪያ ፍሳሹ አየር በሚነፋበት የባክቴሪያ ገንዳ ይለፍ። ባክቴሪያዎቹ ስታርቹንና ቀላሉን ሁሉ ይብሉ። ሲኦዲው ወደ 200 ይውረድ። የቀረው ግትሩ ነው፤ ማቅለሚያውና መሰሎቹ። ሸክላው አሁን ይግባ። በቀን የሚያስፈልገው ባለ 50 ከመቶ ፐሮክሳይድ ወደ 425 ኪሎ ይወርዳል። ከአምስት እጅ አንድ እጅ ማለት ነው። ሙሉ ለሙሉ ማቃጠልም ግድ ላይሆን ይችላል። ግትሩን ሞለኪውል ባክቴሪያ እስኪችለው ድረስ ሰብሮ ወደ ገንዳው የመመለስ አማራጭ አለ። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ደግሞ ለፐሮክሳይድ እንግዳ አይደለም። ጥጥ የሚነጣው በእሱ ነው። ማከማቻውም፣ ጥንቃቄውን የሚያውቅ ሠራተኛም አለ። የሸክላ ካታሊስት ትክክለኛ ቦታው በፍሳሹ መስመር ጫፍ ላይ፣ ከባክቴሪያው በኋላ ነው የምለው ለዚህ ነው። ባክቴሪያውን ትቶ በሸክላ ብቻ እናጽዳ የሚል ዕቅድ ቢመጣ አልደግፈውም።

ለሁሉም ፋብሪካ አንድ መድኃኒት ይሁን ማለትም አይሠራም። የቢራ ፋብሪካ ፍሳሽ ኦርጋኒኩ ብዙ ነው፤ በሊትር ከ2,000 እስከ 6,000 ሚሊግራም ሲኦዲ የተለመደ ነው። ግን ስኳርና እርሾ ነው፣ ባክቴሪያ በደስታ ይበላዋል። አየር በሌለበት ገንዳ ቢታከም ባዮጋዝም ይገኝበታል። ለእሱ ፐሮክሳይድ ማባከን ጥፋት ነው።

የቆዳው ነገር ከዚህ ይከፋል። በኮምቦልቻ ፋብሪካዎችና ወንዞች ላይ የታተመ ጥናት በቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮሚየም፣ በብረታ ብረት ፋብሪካ ፍሳሽ ደግሞ ዚንክ በብዛት አግኝቷል። ከባድ ብረት አይቃጠልም። ራዲካሉ ምንም ቢቆጣ ክሮሚየምን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አያደርገውም። እንዲያውም የባሰ ነገር ሊመጣ ይችላል። በቆዳ ማልፊያ የሚገባው፣ ክሮሚየም ሦስት የሚባለው ዓይነት፣ መርዛማነቱ አነስተኛ ነው። አልካላይ በሆነ ውሃ ውስጥ ከፐሮክሳይድ ጋር ሲገናኝ ግን ካንሰር ወደሚያመጣው ክሮሚየም ስድስት ሊለወጥ ይችላል። የቆዳና የጨርቅ ፍሳሽ ተቀላቅሎ ወደ አንድ የፐሮክሳይድ ገንዳ ከገባ እያጸዳን መርዝ እንሠራለን። ክሮሚየሙ መጀመሪያ ለብቻው ዘቅጦ መውጣት አለበት። ይህ ለድርድር የሚቀርብ አይደለም።

የሸክላው ምንጭስ? እዚህ ላይ ወሎ ዕድለኛ ናት ማለት ይቻላል። በአፋር ገዋኔ አካባቢ ቤንቶናይት አለ፤ በሀገራችን ተመራማሪዎችም ተጠንቷል። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚወርደው መንገድ ወደዚያው ያደርሳል። ሸክላውን ለማጠብ የሚሆን ሰልፈሪክ አሲድ የሚያመርት ፋብሪካ አዋሽ መልካሳ ላይ አለ። የማሳውን ዋልካ መቆፈር ግን አይታሰብ። ስሜክታይቱ ከብዙ ሌላ ነገር ጋር የተደባለቀ ነው፣ ለማጥራት ያደክማል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የገበሬ ጤፍ የሚበቅልበት አፈር ነው።

ደቃቅ ሸክላ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃ ውስጥ ከገባ አይዘቅጥም፣ ደፍርሶ ይቆያል። ካታሊስቱን እንደ ዱቄት ከበተኑት ከውሃው ጋር ወንዝ ይገባል። ስለዚህ ወደ ጠጠር መልክ ተድቦልቡሎ፣ በቱቦ ውስጥ ተሞልቶ፣ ውሃው በላዩ እንዲያልፍ መደረግ አለበት። ሲድቦለቦል ደግሞ ጥንካሬ ያገኛል እንጂ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ሁለቱን የማስታረቅ ሥራ የኬሚካል ኢንጂነር ሥራ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ከፋብሪካዎቹ ጋር አንድ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ናሙና ለመውሰድ አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልግም። ተማሪው ለመመረቂያው ሜቲሊን ብሉ ገዝቶ ከሚበጠብጥ፣ ጄሪካን ይዞ የፍሳሽ ማውጫው ድረስ ቢሄድ ለአገርም ለራሱም የሚበጅ ውጤት ያገኛል። ለዚያ ግን ፋብሪካው በሩን መክፈት አለበት። ናሙና የወሰደን ተማሪ እንደ ከሳሽ ማየት ይቅር።

ሕጉም አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት አስቀምጧል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 የበከለ እንዲያጸዳ ወይም ወጪውን እንዲሸፍን ማዘዝ ያስችላል። የሚጎድለው መለካቱ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ መጥቶ ቀለም አይቶ ከተመለሰ፣ ፋብሪካውም ቀለም ብቻ ማጥፋት ይለምዳል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሽ ወደ ሐይቁ እንዳይለቅ ውሃውን መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ያ መንገድ ውድ ነው፣ ኤሌክትሪክ ይበላል። ጨውንም የሚያስወግደው ግን እሱ ነው። ሸክላ ጨው አያወጣም። ለጨፋ መስኖ ጨው ከማቅለሚያው የማይተናነስ ጠላት መሆኑን መርሳት የለብንም።

ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስባት ፋብሪካዎቿ ክፉኛ ተጎድተዋል። ብዙ ሰው ሥራ አጥቷል። ስለ ፍሳሽ ሲነሳ «መጀመሪያ ሥራ ይጀመር» የሚለው ስሜት ይገባኛል። ሆኖም የተሰበረ መስመር ሲጠገን፣ አዲስ ቱቦ ሲቀበር፣ የቆዳውን ከጨርቁ፣ የጨዋማውን ከቀላሉ መለየት ዋጋው ትንሽ ነው። ኮንክሪቱ ከደረቀ በኋላ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር ብል፣ ሙከራው ከአንድ ፋብሪካ የባክቴሪያ ገንዳ መውጫ ላይ ይጀመር። በቀን አንድ ሜትር ኩብ የሚያሳልፍ ቱቦ ይበቃል። እውነተኛ ፍሳሽ ይለፍበት፣ በጋውንም ክረምቱንም ያሳልፍ። በየሳምንቱ ጠቅላላ ካርቦኑ፣ የሟሟው ብረት፣ የተረፈው ፐሮክሳይድና ክሮሚየም ስድስት ይለካ። ያለቀው ፐሮክሳይድና አሲድ በብር ይመዝገብ። ሸክላው ሲደክም የሚጣልበት ቦታ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ጡብ ውስጥ ይገባ ቢባል እንኳ ጡቡ ዝናብ ሲያገኘው ምን እንደሚለቅ ይፈተን። ቁጥሮቹ ጥሩም መጥፎም ቢሆኑ ለሐርቡና ለከሚሴ ሰው ይነገሩ፣ ውሃውን የሚጠጣው እሱ ነውና።